ማቲልዳ የዋጠችው ደብዳቤ

ዋንዳ ነገሩን ስትነግረኝ የጎረስኩት ዓሣ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ዓርብ አመሻሽ ነበር። በኛ ከተማ ዓርብ ዓርብ ካቶሊኩም ሉተራኑም ሐይቁ ዳር ያለችው መጠጥ ቤት ይሰበሰብና የተጠበሰ ዓሣውን ከድንች ጋር ይበላል። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የኮረብታው ሀብታምና ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው ድሃ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ዋንዳ ዘሊንስኪ የፍቅረኛዬ የዱዌይን ታላቅ እህት ናት። ደግ ሴት ናት፣ ግን ምስጢር እሷ ዘንድ አድሮ አያውቅም።

«ስሚ ጃኒን» አለችኝ ድንቹን በሹካዋ እየወጋች። «እሑድ ዱዌይን አንድ ነገር ያሳይሻል። ምንም እንዳላወቀ ሰው ደንግጪለት፣ እሺ? አደራ!»

«ምንድነው የሚያሳየኝ?»

«አልነግርሽም።» ሁለት ጉርሻ ያህል ታገሠች። «ማቲልዳን ገዝቷታል።»

«የቷን ማቲልዳ?»

«የናንተን ነዋ! እንጨት የለበሰችውን መኪና! አባትሽ የሸጡለት ገበሬ ስንት ዓመት ጥጃ ሲጭንባት ከርሞ ጎተራ ውስጥ ጥሏት ነበር። አሮጌ መኪና እያላተሙ የሚወዳደሩት ጎረምሶች ለነሐሴው ትርኢት ሊወስዷት ሲሉ ነው የደረሰባቸው። ስቴሽን ዋገን ይወዳሉ እኮ፤ ቂጧ ረጅም ስለሆነ ዱላ ትችላለች ይላሉ። ከአፋቸው ነጥቆ አመጣት። ክረምቱን ሙሉ ከሷ ጋር ነው የተኛው ማለት ይቻላል።» ሳቀችና ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ሞተሯ ተነሥቷል፣ ቀለሟ አልቋል። የቀረው የኋላው በር ነው። መስታወቱ እምቢ ብሏል። ነገ ጠዋት በሩን ፈታትቶ ውስጡን ያየዋል።»

ይሄኔ ነው ዓሣው የቆመው።

«ምነው? አጥንት ነው?» ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«አጥንት ነው» አልኳት።

አጥንት አልነበረም። እዚያ በር ውስጥ፣ ከመስታወቱ በታች፣ የኔ ደብዳቤ አለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እዚያው አለ። ዱዌይን ያንን ደብዳቤ ካነበበ፣ እሑድ የሚያሳየኝ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ሊጠይቀኝ ያሰበው ጥያቄም የለም። ሊጠይቀኝ እንዳሰበ ደግሞ አውቃለሁ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ የቀለበት ጣቴን በሽቦ ሲለካ ያላየሁ መስዬ ኖሬአለሁ።

*

ማቲልዳን ላላያት ሰው እንዴት ብዬ ልንገረው? ዛሬ ሁሉም ሰው የዳቦ ቅርጽ ያላትን ሚኒቫን ይነዳል፤ ማን ከማን እንደሚለይ እንኳ አይታወቅም። ማቲልዳ ግን ማቲልዳ ነበረች። ቡናማ፣ ረጅም፣ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ እንደ ወፍራም እመቤት ቀስ የምትል። ጎንና ጎኗ እንጨት የሚመስል ፕላስቲክ ተለብጧል፤ አባቴ ግን እውነተኛ እንጨት ይመስል ቅዳሜ ቅዳሜ በሰም ይወለውለዋል። በበጋ ሻንጣውን ሁሉ ፖርቶ መጋላው ላይ ጭነን፣ በሸራ ጠፍረን፣ ወደ ሰሜን ሐይቆች እንሄዳለን። እናቴ ከፊት ሆና በሰም ወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ በወንበሩ ላይ አሳልፋ ወደ ኋላ ታቀብላለች። ወንድሞቼ መሀል ወንበር ላይ «ከዚህ መስመር እንዳታልፍ!» እያሉ ይደባደባሉ።

እኔ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነኝ። ያ ወንበር ፊቱ ወደ ኋላ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ የሚደርስበትን ሲያይ፣ እኔ ጥለነው የመጣነውን መንገድ አያለሁ። ከኋላችን ካለው ሹፌር ጋር ደግሞ ፊት ለፊት እንፋጠጣለን፤ ስንቱን ሰው ምላሴን አውጥቼ አሳብጄዋለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የዚያ ወንበር ሽታ ብቻ ሕልሜ ውስጥ ይመጣል፦ ፀሐይ ያጋለው ፕላስቲክ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የእሷ የእጅ ቅባት። ስነቃ ትራሴ እርጥብ ነው።

ዱዌይንም ወደ ሕይወቴ የገባው በማቲልዳ በኩል ነው። የኛ ቤተ ክርስቲያንና የካቶሊኮቹ ፊት ለፊት ናቸው፤ መኪና ማቆሚያቸው አንድ ነው። እኛ ስንገባ እነሱ ይወጣሉ። አባቱ አሮጌ መኪና እየገዛ የሚፈታ፣ ብረት የሚለቅም ሰው ነበር። ኮረብታው ላይ ማንም ዘሊንስኪ ብሎ አይጠራቸውም፤ «ቆራሌዎቹ» ነው የሚሏቸው። እኔ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ የዶክተር ሊንድኩዊስት ልጅ ነኝ። እንግዲህ አስቡት።

ስልክ መደወል አይችል፣ በራችንን ማንኳኳት አይችል። ስለዚህ ማቲልዳ ፖስታ ቤታችን ሆነች። በኋላው መስታወትና በጠርዙ ባለው ጎማ መሀል ባለችው ክፍተት፣ የታጠፈ ወረቀት ጫፉን ብቅ አድርጎ ይሰካል። እላዩ ላይ በእርሳስ አንድ ፊደል፦ ለኔ ሲሆን «ጃ»፣ ለሱ ሲሆን «ዱ»። እኔ ዘንቢል የማወርድ መስዬ እስበዋለሁ። ሁለት በጋ እንዲህ ሆነን ከረምን። ሲያየኝ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ ያደርጋል፣ በቃ ያ ነው ሰላምታችን፤ ሳምንቱን ሙሉ እሱን አስቤ እውላለሁ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ አንዷን ወረቀት አገኘ። አልጮኸም። «ይሄን ነገር አንቺው አቁሚው፤ ካላቆምሽው አባቱን አናግረዋለሁ» አለኝና ወጣ። ይኸው ነው ያለኝ። የቀረው ሁሉ የኔ ነው። ለምርቃቴ በገዛልኝ የቀለም ብዕር፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት። ምን ብዬ እንደጻፍኩ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «ዱዌይን፣ ከእንግዲህ ወረቀት አትተውልኝ። እኔ ሚልዋኪ ልማር ነው፤ አንተ እዚህ ዝገትህን ስትለቅም ትኖራለህ። የጭነት መኪናችሁን ደግሞ ከኛ አጠገብ አታቁሙ፣ ሰው ይስቅብናል። ቆራሌ ያው ቆራሌ ነው። ጃኒን።»

እሑድ ጠዋት ከመኪናው ወርጄ እንደወትሮው ሰካሁት። ቀኑ ይፋጃል። አባቴ መኪናዋ እንዳትግል ብሎ ከፊት ሆኖ ቁልፉን ተጫነ፤ የኋላው መስታወት አራት ጣት ያህል ወረደ። ወረቀቴም አብሮት ሸርተት ብሎ በሩ ውስጥ ገባ። አየሁት። «አባዬ፣ ቆይ!» ማለት እችል ነበር። እፎይ አልኩ። አልደረሰውም፣ እኔም ጽፌያለሁ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ሐሙስ ወደ ሚልዋኪ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ጻፈልኝ፤ አንዱንም አልመለስኩለትም።

እዚያ ራጅ ማንሳት ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ተፋታሁ። ያለፈው መጸው ላይ የአባቴ ዓይን ሲደክም ተመለስኩ። በመጣሁ በሳምንቱ መኪናዬ የባቡር ሐዲዱ ላይ ቀጥ አለች፤ ሊጎትታት የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ።  ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሆነን። ስምንቱንም ወር አንድ ነገር እየደጋገመ ይለኛል፦ «በዚህ ከተማ ቆራሌ ብሎኝ የማያውቅ ካንቺ ሌላ ሰው የለም።» ባለ ቁጥር እቅፉ ውስጥ ሆኜ ይበርደኛል።

*

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ጤዛው ሳይደርቅ፣ ዘሊንስኪዎች ግቢ ደረስኩ። ዕቅድ ነበረኝ። ዱዌይን መኪና ሊጎትት ሲወጣ ጠብቄ፣ ጋራዡ ውስጥ ሹልክ ብዬ፣ በሩን ከሱ በፊት እፈታዋለሁ። የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ የአባቴን ካቻቪቴ ከትቻለሁ። በሕይወቴ አንድ ብሎን ፈትቼ አላውቅም።

ዱዌይን ግን የጋራዡ በር ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

«ቁሚ! አንዲት እርምጃ እንዳትጨምሪ!»

«ምን ደብቀህ ነው?» አልኩ የምስቅ ለመምሰል እየሞከርኩ።

«ዋንዳ ነገረችሽ አይደል?»

«ምኑን?»

«እሷን ሴትዮ አንድ ቀን አፏን እበይደዋለሁ።» ከዚያ ዓይኑ ቦርሳዬ ላይ ዐረፈ። እጀታው ብቅ ብሏል። «እሱ ምንድነው?»

«ካቻቪቴ ነው።»

«ለምንሽ?»

«ለ… ለአባዬ መነጽር።»

«ጃኒን፣ በዚህ ካቻቪቴ ትራክተር ይፈታል እኮ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የሱ ሳቅ መሀል ላይ ተቆረጠና አይቶኝ የማያውቀውን አስተያየት አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ያልተኛ ሰው ዓይን ነው፣ ወይም ያለቀሰ። የሸሚዙን የደረት ኪስ ነካ አደረገና ቁልፏን ቆለፋት። ጥቁር ቅባት ባለበት ጣት፣ ቀስ ብሎ፣ የሚሰበር ነገር እንዳለበት።

«በሩን ፈታኸው እንዴ?» አምልጦኝ ወጣ።

«የምኑን በር?» አለና ፊቱን አዞረ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንገናኝ። እስከዚያ ምንም አትጠይቂኝ፣ እባክሽ።»

«እባክሽ» ያለበት ድምፅ ወደ መኪናዬ ስመለስ ሁሉ ጆሮዬ ላይ ነበር። አግኝቶታል። አንብቦታል። ነገ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ፊቴ ላይ ሊወረውረው ነው። አይ፣ ዱዌይን እንደዚያ አያደርግም። ታዲያ ለምን አልተቆጣኝም? ለምን ያቺን ኪስ እንደዚያ አባበላት? ሐዲዱን ስሻገር ሞተሩን ሁለት ጊዜ አጠፋሁት።

ምሳ ላይ አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። ዓይኑ ቢደክምም ጆሮው ንቁ ነው። «ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሳህን ሦስት ጊዜ አጠብሽ» አለኝ። «ምን ሆነሻል ልጄ?»

ነገርኩት። ደብዳቤውን፣ መስታወቱን፣ ሁሉንም። ጽፌ እንደሰካሁት እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር።

«ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

በቃሌ አልኩለት። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ፊቱ ወደቀ።

«ያን ቃል ከኔ ነው የሰማሽው።»

«ምሳ ላይ ትለው ነበር አባዬ። እንደ ቀልድ።»

 ከዚያ እጄን በዳበሳ ፈልጎ ያዘኝ። «እንግዲያው እኔ ነኝ ያስጻፍኩሽ በይው። አጠገብሽ ቆሜ ቃል በቃል አስጻፍኩሽ በይው። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ቢጠላኝ ምን ይቀርብኛል?»

አለቀስኩ። ያቀረበልኝ ነገር ቀላል ነበር። አፌን ከፍቼ ብቻ ማለት ነው የሚጠበቅብኝ። ያ ነው ያስፈራኝ።

*

እሑድ ማቲልዳ ወደ መኪና ማቆሚያው ስትገባ የሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ሰው ባለበት ቆመ። እንደ ጥንቷ ታብረቀርቃለች። ደንግጪለት ብላኝ የለ ዋንዳ፤ ማስመሰል አላስፈለገኝም፣ እናቴ ከፊት ወንበር የምትወርድ መስሎኝ ነበር።

ሰዉ ከበባት። «እኛ ጋ አረንጓዴዋ ነበረች» ይላል አንዱ። «የመጀመሪያ ልጄን የኋላ ወንበሯ ላይ ልገላገል ለጥቂት ነው የተረፍኩት» ትላለች ሌላዋ። «አባቴ ድንኳን ከሚከራይ እዚያ ውስጥ ያስተኛን ነበር፣ አምስታችንንም!» ለወትሮው ከሰላምታ በላይ የማይነጋገሩ ሰዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ያወራሉ። አባቴ እጁን በእንጨቱ ልባጥ ላይ ሰደደ፤ ዳበሰ፣ ዳበሰና ከጎማው በላይ ያለችውን ስርጉድ አገኛት። «ይህቺን እኔ ነኝ የመታኋት። ሐይቁ ላይ። ለእናትሽ ሌላ ሰው ነው አልኳት።»

«ሆን ብዬ ተውኳት ዶክተር» አለ ዱዌይን።

«አመሰግናለሁ ዱዌይን» አለ አባቴ። በስሙ ሲጠራው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ዱዌይን የኋላውን በር ከፈተልኝ። ከሹፌሩ ወንበር በቀር ፊትም መሀልም ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ ገና ቆዳ እየለበሱ ነው። የኋላዋ ወንበር ብቻ አዲስ ሆና ተቀምጣለች። «ካንቺ ቦታ ነው የጀመርኩት» አለኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ሰዉ ሁሉ እያጨበጨበ ወደ ኋላ ቀረ። እኔ የደረት ኪሱን ነበር የማስበው።

ጀልባ ማውረጃው ጋ አቆመ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። የማቲልዳን የኋላ በር ወደ ታች ዘረጋውና እንደ አግዳሚ ጎን ለጎን ተቀመጥንበት፤ እግሬ መሬት አይደርስም። ኪሱን ፈታ። በሰም ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣና ጉልበቴ ላይ አደረገው።

ሽፋኑ ላይ በእርሳስ «ዱ» ይላል። የኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«ክፈቺው» አለኝ።

መልሼ ወደ እሱ ገፋ አደረግሁት። እሱ ከፈተው። ባዶ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ዝናብና በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በመስታወቱ ጎማ እየሰረገ ቀለሙን አጥቦታል። የቀረው ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ እድፍ ብቻ ነው፤ አንዲት ፊደል አትነበብም።

«ትናንት ጠዋት ነው ያገኘሁት» አለ።  «ጋራዡ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለዋንዳ እንዳትነግሪያት። አየሽ፣ ጃኒን፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር የሚበላኝ። አንዲት ቃል ሳትተይልኝ ሄድሽ ብዬ። ምን አድርጌያት ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ጠየቅኩ። ለካ ጽፈሽልኝ ነበር! ለካ እዚህች በር ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ ነው የኖረው!» እጄን ያዘ። «ምን ብለሽኝ ነበር?»

ሁሉም ነገር እጄ ላይ ነበር። «እወድሃለሁ፣ ጠብቀኝ ብዬ ነበር» ማለት ብቻ። ያምነኛል። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ባዶ ወረቀት በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እያየሁት እበላለሁ፣ እያየሁት እተኛለሁ።

«ዱዌይን፣ ጥሩ ደብዳቤ አልነበረም» አልኩት።

ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነው። «እንዴት?»

አልኩለት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሐይቁን እያየሁ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር። ዝገትህን ያልኩትን። ሰው ይስቅብናል ያልኩትን። «ቆራሌ» የምትለዋ ላይ ስደርስ እጁ ከእጄ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ።

«አባትሽ ነው ያስጻፈሽ» አለ። መጠየቁ አልነበረም፤ ልመና ነበር።

«አቁሚው አለኝ። ቃሉን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ወረቀቱ በሩ ውስጥ ሲወድቅም እያየሁት ነበር። እፎይ ነው ያልኩት።»

ዘሎ ወረደ። «ባዶ ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸብኝ። ጮኾብኝ አያውቅም። «ወረቀቱ ባዶ ነበር! ያልሽኝን ሁሉ አምንሽ ነበር! ለምን ነገርሽኝ?»

«ስለምታምነኝ ነው።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ውሃው ሄደ። ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ ግን አላደረገም። እኔ እዚያ በር ላይ እግሬን እንዳንጠለጠልኩ፣ ጉልበቴ ላይ ባዶ ወረቀት ይዤ ቀረሁ። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ፤ ደግሞ ወዲያው እንኳን ተናገርኩ አልኩ። ሁለቱንም ከልቤ ነበር።

ሲመለስ አላየኝም። «ግቢ» አለኝ ብቻ።

ወደ ወንበሬ ገባሁ። በሩን ዘጋብኝ። ሞተሩ ተነሣ።

*

ከጀልባ ማውረጃው እስከ መገንጠያው ሦስት ማይል ነው። ከኋላ ወንበር የሹፌሩ ፊት አይታይም፤ ብዞር የማየው ማጅራቱን ነው፣ ማጅራቱ ደግሞ ምንም አይናገርም። ስለዚህ መንገዱን አየሁ። ከስሬ እየወጣ ይሸሻል። የት እየወሰደኝ እንደሆነ ማወቅ የምችለው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የእህል ጎተራው ጋ ያለው መገንጠያ። ወደ ግራ ከታጠፈ ኮረብታው ነው፤ አባቴ ደጅ ጥሎኝ ሊሄድ ነው። ወደ ቀኝ ከታጠፈ ሐዲዱ ነው፣ ከሐዲዱ ማዶ የሱ ቤት።

ይባስ ብሎ ከኋላችን አንዲት ሚኒቫን መጣች። የፓስተራችን ባለቤት ወይዘሮ ኦስትቪግ ናቸው። ፊት ለፊት ተፋጠጥን። እኔ እንባዬ አገጬ ደርሷል፣ እሳቸው ማቲልዳን እያሳዩኝ በደስታ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ምን ላድርግ? እኔም አወዛወዝኩላቸው።

መገንጠያው ላይ ዱዌይን ቆመ። ከፊታችን የሚያልፍ መኪና የለም፤ እሱ ግን ቆመ። ቆየ። እንደገና ቆየ። ወይዘሮ ኦስትቪግ መሪያቸውን ይዘው በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ከዚያ ፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። የቱ ጎን? ከውስጥ ሆኜ አይታየኝም። ለሳቸው ግን ይታያቸዋል። ፊታቸው ላይ ለማንበብ ሞከርኩ፤ ትንፋሼን ይዤ ቅንድባቸውን አየሁ። ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። ለየትኛው ነው የሚወጣው ቅንድብ?

ማቲልዳ ቀስ ብላ ታጠፈች። ጎተራው በመስታወቱ ውስጥ ዞረ፣ ሰማይ ብቻ ሆነ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጓ። ጓ።

ወገቤን አነጠረኝ። ዓይኔን ስከፍት ሁለቱ ሐዲዶች ከስሬ ወጥተው እያብረቀረቁ ወደ ኋላ ይሄዳሉ።

አፌን በእጄ አፈንኩ። ያኔ የኋላው መስታወት ዝዝ ብሎ መውረድ ጀመረ፤ ዱዌይን ከፊት ሆኖ ቁልፉን ተጭኗል። ሳላስበው ወረቀቱን በሁለት እጄ ጨመደድኩት። ነፋሱ ገባ፣ የሱም ድምፅ ከነፋሱ በላይ መጣ።

«ተናድጄብሻለሁ!»

«አውቃለሁ!»

«ነገም እናደድብሻለሁ! ይገባሻል?»

«ይገባኛል!»

 ወይዘሮ ኦስትቪግ አሁንም ከኋላችን ናቸው፤ ቤታቸው ኮረብታው ላይ ሆኖ ሳለ ምን ሊያዩ እንደተከተሉን እግዜር ይወቀው።

«ጃኒን!» አለ ዱዌይን። ቀልድ አልነበረበትም። «የቆራሌ ሚስት ቢሉሽ… ትችይዋለሽ?»

 ራሴን በእሺታ በኃይል ነቀነቅኩ፣ ደጋግሜ። እሱ ግን ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ የኔም ፊት ወደ ኋላ ነው። ያዩኝ ወይዘሮ ኦስትቪግ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ምን እንደተባልኩ ሳያውቁ መልሰው ነቀነቁልኝ።

«ጃኒን?» አለ እንደገና። ድምፁ ቀጥኗል። ፈርቷል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ መልስ ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው ነው የፈራው።

ጫማዬን አውልቄ ወንበሩ ላይ ተንበረከክሁ፣ ወደ ፊት ዞርኩና ባለ በሌለ ድምፄ መለስኩለት።